ወረታ ተጽፎ ርብ ዳር የነቃ ከርነል

ወረታ የተመደብኩት በሰባዎቹ መጨረሻ፣ ምሥራቅ አውሮፓ የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩ በዓመቱ ነው። የፎገራን ሜዳ ውሃ የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ኮምፒውተር ተልኮለት፣ የሚያሠራው ሰው ጠፍቶ ማሽኑ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የመደበኝ ሹም ፋይሌን እያገላበጠ፣ "ታይፕ ትመቻለሽ አይደል?" አለኝ። እመታለሁ አልኩት። በዚያው ተላክሁ።

ጽሕፈት ቤታችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። መብራት የምናገኘው ጓሮ ከተተከለች ጄኔሬተር ነው፤ ናፍጣው በኮታ ስለሚመጣ የምትነሣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው እስከ ምሳ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ በእርሳስና በወረቀት እሠራለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ግን ብዙ ስሕተት የያዝኩት ማሽኑ ጠፍቶ ወረቀት ላይ ሳፈጥ ነው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ወንዝ ሲለኩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ "ጓድ" እንላቸዋለን፤ ከስብሰባ ውጭ ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። የጋሼ ትልቁ ጉዳይ ርብ ወንዝ ነበር። ርብ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ ጣና ይገባል። ክረምት ላይ ከዳርቻው ወጥቶ የተኛ እንደሆነ የከብቱንም የሰብሉንም ቦታ ይወስዳል። ድልድዩ አጠገብ፣ አንዲት የብረት ሣጥን ውስጥ፣ የውሃውን ከፍታ እየለካ በሬዲዮ ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚልክ መሣሪያ ነበር። የውጭ መሐንዲሶች ሠርተውት፣ ጥቂት ክረምት አገልግሎ፣ እነሱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ መብረቅ መታው። ሬዲዮው ተረፈ፤ የመሣሪያው አእምሮ የሆነው ቦርድ ግን ጠቆረ። ምትክ ተጠይቆ በጥር ወር ከአዲስ አበባ መጣ።

ጋሼ ቦርዱን ከነማሸጊያው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ያው ነው አይደል?" አሉ።

ገልጬ አየሁት። "አይደለም ጋሼ። ፕሮሰሰሩ ሌላ ነው።"

"ሌላ ቢሆንስ? ያው ውሃ አይደል የሚለካው?"

"የፊተኛው የሚያውቀውን ትእዛዝ ይሄኛው አያውቀውም። በድሮው ፕሮግራም አንድ እርምጃ አይሄድም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ "ታዲያ ክረምቱ ሳይገባ ማን ያስተምረው?" አሉኝ። መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። ቦርዱን እዚያው ትተውልኝ ወጡ።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ ከሁሉ በታች ሆኖ የሚያስተዳድር አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል እንለዋለን። አሁን ውሃውን ለካ፣ አሁን ሰዓቱን ቁጠር፣ አሁን ሬዲዮው ይናገር እያለ አንዱን ፕሮሰሰር ለሁሉም የሚያካፍል እሱ ነው። መሐንዲሶቹ የጻፉት የከርነሉ ጽሑፍ በዲስክ ቀርቶልን ነበር። ጽሑፉ ሰው በሚያነበው የፕሮግራም ቋንቋ ስለተጻፈ፣ ኮምፓይለር በሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም አልፎ ወደ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ መለወጥ አለበት። ችግሩ፣ ወረታ ያለው ኮምፒውተር ላይ ያለኝ ኮምፓይለር የሚተረጉመው ለራሱ ለወረታው ማሽን ብቻ ነው። ርብ ዳር የሚቆመው ቦርድ ደግሞ መጻፊያም ማያም የለውም፤ ራሱ ላይ ምንም መተርጎም አይቻልም። የሚያስፈልገኝ ወረታ ላይ ተቀምጦ ለርብ የሚተረጉም ኮምፓይለር ነበር። እሱን መሥራት የኔ ፈንታ ሆነ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የአንድ ትንሽ ኮምፓይለር ሙሉ ጽሑፍ በዲስክ ቀድቼ አምጥቼ ነበር። የፊቱን ክፍል፣ ማለት ጽሑፉን የሚያነበውንና የሚረዳውን፣ አልነካሁትም። የኋላውን፣ ትእዛዝ የሚተፋውን ክፍል ግን ቆርጬ አወጣሁትና ለአዲሱ ፕሮሰሰር እንዲሆን እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። መደመር ሲመጣ ይህን ጻፍ፣ ማወዳደር ሲመጣ ይህን ጻፍ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዘለል ይህን ጻፍ። ከቦርዱ ጋር የመጣው መመሪያ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ አንዳንዱ ገጽ ደብዝዟል። እያንዳንዱን ትእዛዝ በእጄ ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

የተከራየሁት የአጥቢያው ደብር መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ጣራ ገዳም የተማሩ፣ ግቢያቸው ውስጥ ጎጆ የቀለሱ ተማሪዎች የማይጠፉ ሰው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ወንበር አውጥቼ ወረቀቴ ላይ ሳቀረቅር ያዩኛል። አንድ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ።

"ልጄ፣ በየቀኑ የምትጽፊው ምንድን ነው?"

"ወንዙ ዳር ላለው መሣሪያ ትእዛዝ ነው የኔታ።"

"ለምን እዚያው ሄደሽ አትጽፊለትም?"

"እዚያ ያለው መጻፊያ የለውም። እዚህ ቢሮ ባለው ማሽን ተጽፎ፣ ለእሱ በሚገባው ቋንቋ ተለውጦ ነው የሚወሰድለት።"

"እዚህ ያለውስ የዚያኛውን ቋንቋ ይሰማል?"

"አይሰማም። ሳይሰማው አስተካክሎ እንዲጽፍ ነው የማደርገው።"

የኔታ ሳቁ። "እንዲህ ያለ ተማሪስ እኔም ብዙ አለኝ" ብለው ወደ ጉባኤያቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር፣ "ተማሪሽ እንዴት ዋለ?" ይሉኛል። ደህና የዋለ ቀን ደህና ዋለ እላለሁ፤ ካልሆነም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ።

ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ኮምፓይለሩ ሥራውን ጀመረ። የከርነሉን ጽሑፍ ብሰጠው ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ተረጎመው። ለኔ ያ ቀን ትልቅ ቀን ነበር። ፕሪንተሩ ያወጣውን ወረቀት ይዤ ወጣሁና ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እኔው ፕሮሰሰሩን ሆኜ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ በእርሳስ እየተከተልኩ ዋልኩ። ሥራ ሲለዋወጥ የአንዱ ሥራ ቁጥሮች ሌላው ላይ የሚፈስሱበት ቦታ አገኘሁ። በማግስቱ አስተካከልኩት።

እንዲህ ወረቀት ላይ የምደክመው በሌላ ምክንያትም ነው። ፕሮግራሙ የሚታተመው ቦርዱ ላይ በሚሰኩ፣ ከላያቸው ጨረር የሚያሳልፍ ትንሽ የኳርትዝ መስኮት ባላቸው ሁለት ቺፖች ላይ ነው። ያሉን እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ስሕተት ከተገኘ መደምሰስ አለባቸው፤ መደምሰሻው ደግሞ ልዩ መብራት ነው፣ እሱም ወረታ የለም። ያለን ፀሐይ ብቻ ነበር። ቺፑን መስኮቱን ወደ ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። በበጋ ይህ ይቻላል። ሰኔ ከገባ ግን ፀሐይም የለም፣ መደምሰስም የለም።

መጀመሪያ ያተምኩትን ይዘን ከጋሼ ጋር ርብ ወረድን። ድልድዩን የሚጠብቁት ወንዙ ዳር የሚያርሱ አንድ ገበሬ ነበሩ፤ ከሣጥኑ አጠገብ የተተከለውን የውሃ መለኪያ እንጨት በየጠዋቱ እያዩ የሚመዘግቡልን እሳቸው ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም መጥቶ ነበር። ገና ወጣት ነው፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ አንግቷል። የሬዲዮውን ዘንግ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ይሄ ለማን ነው የሚናገረው?" አለ።

"ለእኛው ለወረታ ነው" አሉት ጋሼ።

"ሌላ ሰውስ አይሰማውም?"

"ቢሰማውም ስለ ውሃ ነው የሚሰማው።"

ሊቀመንበሩ አልተዋጠለትም። ቢሆንም ቆሞ ተመለከተ። ቦርዱን አስገባሁ፣ ባትሪውን አገናኘሁ። ከርነሉ ከነቃ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እንድትል አድርጌ ነበር። መብራቷ ዝም አለች። ነቅዬ ደግሜ አገናኘሁ። ዝም። ገበሬው ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ "እንግዳ ስለሆነ ይሆናል" አሉኝ። ጋሼ መኪናው ወለል ላይ የጫማቸውን አቧራ እያራገፉ ወረታ እስክንደርስ ስለ ሩዝ ዘር አወሩኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከመመሪያው የደበዘዘ ገጽ ላይ ነው። የድሮው ፕሮሰሰር ሲነቃ ከማኅደረ ትውስታው መጀመሪያ ተነሥቶ መሥራት ይጀምራል። አዲሱ ግን መጀመሪያ ወደ ማኅደሩ መጨረሻ ይሄድና፣ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረውን አድራሻ እዚያ ይፈልጋል። እኔ እዚያ ቦታ ምንም አላስቀመጥኩለትም ነበር። ከርነሉ ደህና ነው፣ ግን በሩ የት እንደሆነ የነገረው የለም። ለማረም ከግማሽ ቀን በላይ አልወሰደብኝም። የቀረው ቺፖቹን መደምሰስ ነው።

በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ የየኔታ ባለቤት ጓያ ካሰጡበት ሰሌን አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ዶሮዎቹን ስላላመንኳቸው፣ እንዲጠብቁልኝ እማማን፣ እንዲህ ነበር የምላቸው፣ ለመንኳቸው። ሳምንቱ አልቆ ባያቸው ቺፖቹ አልተደመሰሱም፤ መጀመሪያ ያተምኩት ፕሮግራም ቁልጭ ብሎ አለ። ነገሩ ግራ ገባኝ። እማማን ስጠይቃቸው በደስታ፣ "ዶሮ እንዳይለቅመው፣ አቧራም እንዳይገባው ከሥዕል ላይ ያነሣሁትን መስታወት ከድኜበት ነው ያቆየሁልሽ፣ ማታ ማታም ወደ ቤት አስገባዋለሁ" አሉኝ። ለካ መስታወቱ ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ የሚደመስሰውን የጨረር ዓይነት አያሳልፍም። ሳህኑን አነሣሁና፣ "እማማ፣ ይሄኛው መስታወት አይወድም" አልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት እሳቸው ራሳቸው ጥላ ይዘው፣ አርጩሜ በእጃቸው አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ። ቺፖቹ ተደመሰሱ። ሰማዩ ግን በጉና በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር።

እንደገና አትመን ርብ ስንወርድ የሰኔ ዝናብ ሁለቴ ዘንቦ፣ የሜዳው ጥቁር አፈር ከጫማ ጋር እየተነሣ ነበር። ባትሪውን አገናኘሁ። መብራቷ አንዴ በራች፣ ጠፋች፣ በራች። ከዚያ ሳታቋርጥ ቀጠለች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

"ነቅቷል ማለት ነው?"

"ነቅቷል ጋሼ።"

"እንግዲህ ደህና ነው" አሉ። ከዚያ በላይ ደስታ ከሳቸው አይጠበቅም።

ወረታ ገብተን ሬዲዮው ያመጣውን ቁጥር ስናይ ግን ወንዙ ከደብሩ ጉልላት በላይ ሞልቷል ይላል። ትተነው የመጣነው ውሃ ከጉልበት አያልፍም። ጋሼ ወረቀቱን አየት አድርገው መለሱልኝ። ዝናቡ ገብቷል፤ ስሕተቱ ከርነሉ ውስጥ ከሆነ ቺፖቹን የምደመስስበት ፀሐይ እስከ መስከረም አይገኝም።

ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቹን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ድልድይ ጠባቂው ከእንጨቱ ያነበቡት ከፍታ አጠገቤ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፌ ሳያቸው ነገሩ ተገለጠልኝ። በእነዚህ ማሽኖች ዘንድ አንድ ቁጥር በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ ትልቁ ግማሽና ትንሹ ግማሽ። የወረታው ማሽን ትንሹን ያስቀድማል፣ የርቡ ትልቁን። ወንዙ ዳር ያለው በልማዱ ትልቁን አስቀድሞ ሲልክ፣ እዚህ ያለው በራሱ ልማድ ትንሹ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ከርነሉ ምንም አልጎደለውም፤ ቺፖቹንም መንካት አያስፈልግም። ቢሮ ያለው ፕሮግራም ሲቀበል ግማሾቹን ያገላብጥ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። በማግስቱ ጄኔሬተሯ እንደተነሣች ጻፍኩት። ቁጥሩ ወደ ጉልበት ወረደ። ያን ቀን ለየኔታ፣ "ተማሪዬ ደህና ነው" ብዬ ነገርኳቸው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ወረታ ላይ ጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ፣ የርብ ቁጥር መውጣት ጀመረ። አንዱ መልእክት ከሌላው ይበልጣል። ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው።

"ያ የግልባጩ ነገር ተመልሶ እንዳይሆን?" አሉኝ።

እኔም መጀመሪያ የፈራሁት ያንኑ ነበር። "ግማሾቹ ቢገለበጡ ቁጥሩ ይዘል ነበር ጋሼ፤ አንዴ ተራራ አንዴ ገደል ይሆናል። ይሄ ግን እርከን እንደሚወጣ ሰው ነው የሚሄደው። እውነተኛ ውሃ ነው።"

ወደ ጉና በኩል በመስኮቱ ተመለከቱ። ተራራው በደመና ተሸፍኗል። "እንሂድ" አሉ።

መኪናችን ከድልድዩ በታች ባለው ሜዳ የተወሰነ መንገድ ሄዳ ጭቃው ያዛት፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ሊቀመንበሩን ከሰዎች ጋር ተቀምጦ አገኘነው። ጋሼ ነገሩት።

"እዚህ ጠብታ የለም እኮ" አለ።

"ጉና ላይ ዘንቧል። ውሃው ድልድዩ ላይ ደርሷል፤ ሳይመሽ እናንተ ዘንድ ይሆናል።"

ወደኔ ዞረ። "ያ ብረት ነው የነገረሽ?"

"አዎ።"

"ዋሽቶሽ ያውቃል?"

"መጀመሪያ ላይ አንዴ። ጥፋቱ ግን የሱ አልነበረም፤ የሚልከውን የምንቀበለው እኛ ነን የተሳሳትነው።"

ትንሽ አሰበና ተነሥቶ ጥሩንባ አስነፋ። ወዲያው ሜዳው ላይ ፉጨትና ጥሪ ተሰማ፤ ያ የፎገራ ከብት ሁሉ ቀንዱን እያወዛወዘ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ መነዳት ጀመረ። አንዲት ባልቴት ብቻ ከደጃቸው አልነሣም አሉ። ላማቸው ገና መውለዷ ነው፤ ጥጃዋ መቆም አትችልም።

"እኔና እሷ እዚሁ ነን" አሉ። "ውሃው በየዓመቱ መጥቶ እግራችንን አጥቦን ይሄዳል።"

ጋሼ አልተከራከሯቸውም። ኮታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝና፣ ጎንበስ ብለው ጥጃዋን ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ላሚቱ እየጮኸች ተከተለቻቸው። ባልቴቷም፣ "ኧረ ጌታው፣ ልብስዎን አበላሸችብዎ" እያሉ፣ ላሚቱን ተከትለው ወጡ።

ውሃው ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ድምፅ የለውም፤ ሣሩ መጀመሪያ አበራ፣ ከዚያ ሣሩ ጠፋ። ጉብታው ላይ ቆመን አየነው። ሩዙ ተኛ፣ ሁለት ጎጆዎችን ወሰደ። ያልተነዳ አንድ ወይፈን ጠፋ፤ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ሲጠራው ነበር። ሰው ግን አልወሰደም። ሊቀመንበሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ።

ያ ከርነል ሁለት ክረምት ሠራ። ከዚያ ጦርነቱ ወደኛ ቀረበ፤ ናፍጣ ለሠራዊቱ ሆነና ጄኔሬተሯ ቆመች። ሬዲዮ እንዲነቀል ትእዛዝ መጣ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ቦርዱን ከሣጥኑ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ስነቅለው መብራቷ እየበራች ነበር።

በዚያ ቀን ጋሼ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ይዘው ወርደው ነበር። መሣሪያው ከላከልን ቁጥሮች፣ ውሃው ድልድዩ ላይ የት ሲደርስ ታች ያለው ሜዳ እንደሚሰጥም አውጥተው ነበርና፣ የድልድዩ ምሰሶ ላይ በዚያ ከፍታ መስመር ለማስመር ፈለጉ። ሊቀመንበሩ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና ጣሳውን ያዘላቸው። ድልድይ ጠባቂው ገበሬ ከዳር ሆነው ይመለከታሉ።

"ውሃው ይቺን ከነካ" አሏቸው ጋሼ፣ "ወደ ታች ሜዳው ሰው ይላኩ። እኛን አይጠብቁ።"

"በጄ" አሉ ገበሬው። "ፈረስ አለኝ።"

ጋሼ መስመሩን ደግመው ቀቡት። እስኪደርቅ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።